ለአሥራ ሁለት የተቆረጠ ጅማት

1.

ጅማቱን ቆራርጦታል።

አሥራ ሁለት ቦታ። እያንዳንዷ አራት ጣት ታህላለች፤ አንዷ ከሌላዋ በጥፍር እንኳ አትበልጥም። ጋሽ ድንበሩ ሲያካፍል እንዲህ ነው።

2.

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልጀምር። ትርንጎ እባላለሁ። ሰንበጌ ከተማ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ቦርሳና ቀበቶ እሰፋለሁ። በሦስት ዓመቴ ፖሊዮ እግሮቼን ወሰደ። አሁን አርባ አንድ ዓመቴ ነው፤ የምሄደው በእጅ በሚዘወር ባለ ሦስት ጎማ ወንበር ነው። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። ማዘን ያማራችሁ ገጹን ገልጣችሁ ሌላ ነገር አንብቡ፤ ይህ የድል ጽሑፍ ነው፤ ቀድሜ ተናግሬያለሁ።

ይልቅ ትከሻዬን ብታዩት ይሻላል። ሃያ ምናምን ዓመት ወንበር ሲዘውር የኖረ ትከሻ ነው። የሰፈሩ ጎረምሳ ክንድ ሊጋጠመኝ ሲመጣ ሰበብ ፈልጎ ይመለሳል።

3.

ንግግሩ፣ ቃል በቃል።

ቦታው የከተማችን ኳስ ሜዳ። ተናጋሪዎቹ እኔና ስንሻው። ስንሻው የባህል ስፖርት አሠልጣኝ ነው፤ ለዞኑ ውድድር የሚሄደውን የቀስት ቡድን የሚመርጠው እሱ ነው።

ስንሻው፦ ትርንጎ፣ ቀስት እኮ ቆሞ ነው።

እኔ፦ የት ተጻፈ?

ስንሻው፦ ምኑ?

እኔ፦ መቆሙ።

(ደንቡን ከቦርሳው አወጣ። አነበበው። ገለበጠው። እንደገና አነበበው።)

ስንሻው፦ አልተጻፈም። ግን ደጋኑ ራሱ እምቢ ይልሻል። ተቀምጠሽ ስትስቢው ታችኛው ጫፍ ጎማሽን ይመታል። በዓይኔ አይቻለሁ።

እኔ፦ አጭር እሠራለሁ።

ስንሻው፦ አጭር ደጋን አርባ ሜትር አይደርስም፣ እህቴ።

እኔ፦ ከደረሰስ?

ስንሻው፦ በአምስት ቀስት ሠላሳ ነጥብ ያመጣ ቡድኑ ውስጥ ይገባል። ለሁሉም ያልኩትን ነው ለአንቺም የምልሽ። ግን ካልታዘልኩ አላምንም እንዳለችው ሙሽራ ነኝ፤ ሳላይ አላምንም።

4.

በነገራችን ላይ ስንሻው ክፉ ሰው አይደለም። ያናደደኝ «እህቴ» ያላት ነች። ሰው ሊከለክለኝ ሲያስብ ነው ድንገት እህቱ የምሆነው።

ለምን ይህን ያህል እንደፈለግሁት ደግሞ ልንገራችሁ፤ ጸሐፊ ነኝ ብዬ ከአንባቢ አልደብቅም። በከተማችን ዝግጅት በተደረገ ቁጥር ጥላ ሥር ያስቀምጡኛል። ለስላሳ ይከፍቱልኛል። ከዚያ ለሌላው አጨበጭባለሁ። አርባ አንድ ዓመት አጨብጭቤያለሁ። አንድ ቀን እንዲጨበጨብልኝ ፈለግሁ፣ ይኸው ነው።

5.

የሚያስፈልግ።

ከፈረሰ ቤት የተረፈ የጥድ ወራጅ፣ ቀጥ ያለ፣ ጉጥ የሌለው።*

የበሬ ጅማት፣ የአራቱም እግር።

ለሙጫ የሚሆን የቆዳ ቁርጥራጭ (ይኼ ሞልቶኛል)።

ትዕግሥት (ይኼ የለኝም)።

* ጥድ ለአጥርና ለቤት እንጂ ለደጋን አይሆንም ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ስትስቡት ጀርባው፣ ከሳቢው የሚርቀው ፊቱ፣ ይሰነጠቃል። ጅማቱ የሚለጠፈው ለዚህ ነው፤ እንጨቱ ሊከፈት ሲል ጅማቱ ይይዘዋል። ይህን ከማን ሰማሽ ብትሉኝ ከአባቴ ነው። አባቴ ኮርቻ ይሠራ ነበር። የተሰነጠቀ የኮርቻ እንጨት በእርጥብ ጅማት ይጠፍርና «ሲደርቅ ከአዲሱ ይጠነክራል» ይል ነበር። ለደጋን ሲያውለው ግን አላየሁም። እሱን የጨመርኩት እኔ ነኝ።

6.

ለገና አሥራ ሁለት ቤት ሆነን ቅርጫ ገባን። አከፋፋዩ እንደ ወትሮው ጋሽ ድንበሩ ናቸው። በሰፈራችን ሃያ ሁለት ዓመት ሥጋ ሲመድቡ አንድ ቀን ታምተው አያውቁም። ጉበቱ ለአሥራ ሁለት፣ ጨጓራው ለአሥራ ሁለት፣ አንዷ ኩላሊት እንኳ ለአሥራ ሁለት። ከዚያ ዕጣ ይጣላል፤ የደረሰህን ይዘህ ትሄዳለህ። (ከላይ «ሲያካፍል» ብዬ በአንተ የጻፍኩት ተናድጄ ነው። አላረመውም፤ የዚያን ቀን እንደዚያ ነበርኩ።)

ሌላ ጊዜ የእግር ጅማት ማንም አይፈልገውም፤ ለውሻ ይወረወራል። ዝም ብዬ ጠብቄ ከመሬት ባነሳው ኖሮ ሙሉውን አገኘው ነበር። እኔ ግን ሥነ ሥርዓት አበዛሁ። በዋዜማው ቤታቸው ድረስ ሄጄ፣ ጅማቱን ሳይቆረጥ እንዲያስቀሩልኝ ለመንኳቸው።

ሲያስቡበት አደሩ። ትርንጎ ወንበሯን እየዘወረች ዳገት ወጥታ የምትለምነው ነገር ከሆነ፣ ዋጋ አለው ማለት ነው። ዋጋ ያለው ነገር ደግሞ ለአንድ ቤት አይሄድም።

አራት እግር። ለአንድ እግር ሦስት።

አሥራ ሁለት።

ይህን ያስረዱኝ በኩራት ነበር። ፊቴ ሲለዋወጥ አይተው አጽናኑኝ።

«አንቺንም አልበደልኩም ልጄ። በድርሻሽ ውስጥ አንዷ አለችልሽ።»

7.

አለቀስኩ። በኀዘን እንዳይመስላችሁ፣ በንዴት ነው። በፍትሕ የተበደለ ሰው የሚከሰው የለውም።

8.

ከዚያ ተነሥቼ (ይህ አባባል ነው፤ አልተነሣሁም) ድርሻዬን፣ ያቺን አራት ጣት ጅማት፣ ምድጃ አጠገብ ሰቀልኳት። በአምስተኛው ቀን ደርቃ እንደ ቀንድ ጠጠረች። የውስጤን ላውጣባት ብዬ በድንጋይ ወቀጥኳት።

ተበጣጠሰች። አይ፣ ተፈታች። ነጭ፣ ቀጭን፣ እንደ ጥጥ።

እጄን አቆምኩ። ጥጥ ከጣት አንጓ አይረዝምም፤ ተፈትሎ ግን ጋቢ ይሆናል። ማን ነው ጅማቱ ረጅም መሆን አለበት ያለኝ? ማንም። ራሴው።

9.

አሥራ አንድ በር።

ስምንቱ ሰጡኝ። ከስምንቱ አንዷ ለወገብ መድኃኒት ነው ብላ ሦስት ቀን ካመላለሰችኝ በኋላ ነው። አንዱ ቤት ወጥ ውስጥ ከትተውት ቀኑን ሙሉ ሲያኝኩት ውለው ተስፋ ቆርጠዋል። አንዱን ውሻ በላው።

የመጨረሻውን ጋሽ ድንበሩ ራሳቸው በጋዜጣ ጠቅልለው አመጡት። የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው፣ ጫፉን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስተካክለው ወጡ።

ከእኔው ጋር አሥር። በየበሩ «ለምንሽ ነው?» ተብዬ አሥራ አንድ ጊዜ ስለተናገርኩ፣ ደጋኑ ገና ሳይሠራ አሥራ አንድ ባለቤት አፈራ። ድር ቢያብር ብሎ ሊተርትብኝ የሞከረውን ሁሉ ግን ከበር መልሻለሁ። ተረቱን ሁላችንም እናውቀዋለን።

10.

እናንተም ሥሩ።

ጥዱን ሁለት ክንድ ከስንዝር ቁረጡ። መሐሉን እጅ እንዲይዘው ተዉት፤ ወደ ጫፎቹ እያሳሳችሁ ጥረቡ። ሁለቱም ክንፎች እኩል ካልጎበጡ የወፈረውን ፋቁ፤ የሳሳውን አትንኩ። ጀርባውን በሞረድ አሻክሩ፤ ለስላሳ እንጨት ሙጫ አይወድም።

የቆዳውን ቁርጥራጭ በውሃ ቀቅሉ። ቀኑን ሙሉ። ሽታው ጎረቤት ያጣላል፤ ታገሡ፣ ወይም እንደ እኔ ጎረቤቱን ሁሉ አስቀድማችሁ የሥራው ተካፋይ አድርጉ። ሲወፍር አጥልሉት። ጣት የማያቃጥል ሲሆን ወቅጣችሁ የፈታችሁትን ጅማት ንከሩበት፣ በሁለት ጣት ጭመቁት፣ ጀርባው ላይ በቁመቱ አጋድሙት። ጫፍና ጫፍ አንድ ቦታ ላይ አይገናኙ። የአንዱ ጫፍ በሌላው ወገብ ላይ ይረፍ። ሦስት ድርብ።

ከዚያ ጥላ ውስጥ ስቀሉት። ፀሐይ አታሳዩት።

ከዚያ ምንም አትንኩ።

11.

ጥር።

እየደረቀ ነው።

12.

የካቲት።

እየደረቀ ነው።

13.



14.

(አሥራ ሦስት ባዶ የሆነው ረስቼው አይደለም። ከየካቲት አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ ያለው ጊዜ ነው። ስንሻው ወርክሾፔ በር ላይ እያለፈ «እንዴት ነው?» ይለኛል። ጋሽ ድንበሩ በየሳምንቱ መጥተው ደጋኑን ቀና ብለው አይተው ይሄዳሉ። እኔም ቀበቶ እሰፋለሁ። በዚህ ውስጥ የሚጻፍ ነገር የለም።)

15.

መጋቢት አሥራ ስምንት ቀን ጋሽ ድንበሩ ገብተው ደነገጡ። ደጋኑ ጎብጧል፤ ያውም በተሳሳተው በኩል። መሳብ ወደሚገባው ሳይሆን ወደ ጀርባው። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ሲበድሉ ይህ የመጀመሪያቸው እንደሆነ፣ ጅማቱን ባይቆርጡት ኖሮ ይህ ሁሉ እንደማይመጣ፣ ቁጭ ብለው ነገሩኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

እኔ ሳቅሁ። ጅማቱ ሲደርቅ ያጥራል፤ ሲያጥር እንጨቱን ይስበዋል። ማንም ሳይነካው፣ ጥላ ውስጥ ተሰቅሎ፣ ያ ለአጥር ብቻ ይሆናል የተባለው ጥድ ራሱን ወጥሯል፤ በግድ ወደ መሳቢያው ሲመለስ ጉልበቱ እጥፍ ነው። አባቴ በሕይወት ቢኖር ኮርቻውን ጥሎ ይመጣ ነበር።

«አልበደሉኝም፣ ጋሽ ድንበሩ» አልኳቸው። «ሙሉውን ቢሰጡኝ ኖሮ እንደ አባቴ ጠፍሬው አበላሸው ነበር።»

ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ ሌላውን ጫፍ ልያዝልሽ ብለው ተነሡ፤ አውታሩን ለሁለት አሰርነው።

የመጀመሪያው ቀስት የጭድ ጆንያውን በስቶ፣ ከኋላ ያለውን የቆርቆሮ አጥርም በሳ። የአጥሩ ባለቤት ቀዳዳውን አልደፈነውም። ለእንግዳ ያሳያል።

16.

ሚያዝያ ሁለት፣ ኳስ ሜዳው። አርባ ሜትር። አምስት ቀስት። የዒላማው መሐል አሥር።

ሰው ሁሉ ቆሞ ወረወረ። እኔ ወንበሬን ወደ ጎን አዙሬ ጎማውን በድንጋይ አስደገፍኩ። አንዱ «ይቺ የልጅ መጫወቻ ነች» ሲል ሰማሁት። አጭር መሆኗን አልክድም።

አንደኛ ቀስት፦ አራት። ስንሻው መሬት መሬት አየ።

ሁለተኛ፦ ስምንት። ያ ሰውዬ ወደ ፊት ተጠጋ።

ሦስተኛ፦ ዘጠኝ።

አራተኛ፦

አሥር።

17.

ደምሩት። እኔ ደምሬዋለሁ። ሠላሳ አንድ።

አንድ ቀስት እየቀረኝ ቡድኑ ውስጥ ነኝ። ስንሻው እስክሪብቶውን አወጣ፤ መዝገቡ ላይ ስሜን ሲጽፍ ከሩቅ አየሁት። ተቀምጦ ነበር የሚጽፈው። ከዚያ መጥቶ ጎንበስ አለ፤ «እህቴ» አላለኝም።

«ትርንጎ» አለኝ፣ «መሪው ሠላሳ ዘጠኝ ነው። ዘጠኝ ካመጣሽ አንደኛ ነሽ።»

18.

አምስተኛዋን ስስብ ጅማቱ ከእንጨቱ ጋር ሲያቃስት ተሰማኝ። አልፈራሁም። አሥር ቤት ይዞታል።

ለቀቅሁ።

19.

ደንቡ እንዲህ ይላል፤ ይኼኛው በእርግጥ ተጽፏል፦ ዳኛው ወደ ዒላማው ከመሄዱ በፊት ወርዋሪው ሕዝቡን ከሚያግደው ገመድ ጀርባ ይመለሳል። ወንበሬን እየዘወርኩ ከሕዝቡ ኋላ ተመለስኩ። ዳኛው አርባውን ሜትር በእግሩ ሄደ። ዒላማው ላይ አጎነበሰ። ዞረ። ነጥቡን በጣቶቹ ሊያሳይ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሣ።

በዚያች ቅጽበት ሜዳው በሙሉ ብድግ አለ። የሰፈሬ ሰው ብድግ አለ። ያ «የልጅ መጫወቻ» ያለው ሰውዬ ብድግ አለ። ጋሽ ድንበሩ በዚያ ጉልበታቸው አግዳሚው ላይ ወጥተው ቆሙ። ከፊቴ የሚታየኝ ጀርባ ብቻ ነበር፤ ጀርባ፣ ጃኬት፣ ነጠላ፣ ወደ ላይ የተነሣ እጅ።

ተቀምጬ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ከዚያ ጭብጨባው መጣ።

20.

ጣቶቹን አላየሁም። እናንተ ከፊት ናችሁ፤ ቁጠሩና ጻፉልኝ።

አምስተኛ ቀስት፦ ____________