ሁለት ቤት ያለው ላፕቶፕ

ኑርሁሴን መስማት ያቆሙት በአንድ ቀን አልነበረም። መጀመሪያ የወፍ ድምፅ ጠፋባቸው፤ ቀጥሎ የሕፃናት፤ ከዚያ አጠገባቸው ተቀምጦ የሚያወራ ሰው ቃሉ እየተሸራረፈ መጣ። ሰው እንዲህ ሲሆን ከሁሉም በኋላ የሚያውቀው ራሱ ነው። እርሳቸውም ያወቁት ሰንበቴ ገበያ መሀል ነው። ዕድሜያቸውን የፈጁት በከብት ድለላ ነበር፤ ከቆላ ፍየልና ግመል እየነዳ የሚመጣውን አፋር ከደጋ ከወረደው ገበሬ ጋር በሦስት ቋንቋ እያግባቡ። አንድ የገበያ ቀን "በዚህ አልሸጥም" ያለውን ሰው "እሸጣለሁ" ያለ መስሏቸው ለገዥው አሻገሩ። ጠብ ተነሳ፣ ሽማግሌ ገባና በረደ። ማንም አልወቀሳቸውም። ሰው ግን ሌላ ደላላ መጥራት ጀመረ፤ እርሳቸውም ከሚሴ፣ ቤታቸው ደጃፍ ወንበር አውጥተው አላፊ አግዳሚውን በራስ ንቅናቄ ሰላም እያሉ መዋል ጀመሩ።

የመጨረሻ ልጃቸው መሊካ እዚያው ከሚሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ታስተምራለች። ሰው በድርቅናዋ ያውቃታል፤ ያመነችበትን ነገር በቀላሉ አትለቅም። አሮጌ ላፕቶፕ አላት። ሲገዛ አብሮት የነበረው ዊንዶውስ እያደር ከብዶት ለመነሳት ብቻ ሻይ ያስጠጣ ስለነበር፣ ጠርጋ አጥፍታ ሊኑክስ ጫነችበት። ላፕቶፑ ነፍስ ዘራ። ከዚያ ወዲህ መሊካን የሚችላት ጠፋ። የትምህርት ቤቱን ኮምፒውተሮች ሁሉ እንደዚያው አደረገች። ተማሪዎቿን "ይሄ ጓዳው ድረስ ገብታችሁ የምታዩት ቤት ነው፤ ያኛው ቁልፉ ሌላ ሰው ጋ ነው" ትላቸዋለች። ስታስረዳ ድምጿ ስለሚሞቅ፣ አንዳንዱ ተማሪ ነገሩ ባይገባውም ደስ ይለዋል።

በዚያ ዓመት አባቷን ይዛ ደሴ ወጣች። ኢልሃም የምትባል የጆሮ ባለሙያ መረመረቻቸውና ሁለት የመስሚያ መሣሪያዎች ሰጠቻቸው።

"ይሄ እንደ መነጽር አድርገውት የሚረሱት ነገር አይደለም" አለች ኢልሃም። "ጆሯቸው ድምፅ ረስቷል። ትንሽ ትንሽ እያልን እንጨምርላቸዋለን፤ ብዙ ጊዜ መስተካከል አለበት።"

መሊካ የአባቷን ጉልበት አየች። ከሚኒባሱ የወረዱት በሁለት ሰው ድጋፍ ነበር። ኢልሃምም አየች መሰለኝ፣ ከመሳቢያዋ አንዲት ትንሽ ሳጥን ከነገመዷ አወጣች። "ይቺን ላውስሽ። ፕሮግራሙን ላፕቶፕሽ ላይ ጫኚው፤ መሣሪያዎቹን በገመዱ ታገናኛቸዋለሽ፤ እኔ ከዚህ ሆኜ በኢንተርኔት ገብቼ አስተካክላለሁ። ዊንዶውስ ነው አይደል ያለሽ?"

"እሱን ለእኔ ተይው" አለች መሊካ።

ቤት ሲደርሱ ዊንዶውስ ልትጭን አልፈለገችም። እንደ አስተርጓሚ ሆኖ የዊንዶውስን ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ የሚያስኬድ ዋይን የሚባል ነገር አለ፤ እሱን ጫነች። እናቷ ፋጡሜ ስሙን ስትሰማ ደንግጣ ቀና አለች።

"ያረቢ! ምን አልሽ?"

"ስሙ ነው እማ፤ የሚጠጣ አይደለም።"

"ሌላ ስም አጡ?"

ፕሮግራሙ ተከፈተ። መሊካ በደስታ እጇን አጨበጨበች። አባቷን አስቀምጣ፣ ገመዱን አገናኝታ፣ "ፈልግ" የሚለውን ተጫነች። "መሣሪያው አልተገኘም" አለ። ደጋግማ ሞከረች። ፕሮግራሙ ገጹን ያሳያል፣ ሲነኩት ይመልሳል፤ ከሳጥኗ ጋር መነጋገር ግን እምቢ አለ። ሳጥኗ የምትሰማው ዊንዶውስ ራሱ ሲጠራት ብቻ ነው። ኑርሁሴን ያልተከፈተ መሣሪያ ጆሯቸው ላይ አንጠልጥለው፣ የልጃቸውን ፊት እያዩ፣ ፊቷ ሲፈካ ፈገግ እያሉ፣ ሲጠቁር አብረው እየጠቆሩ አመሹ።

በማግስቱ ሌላ መንገድ መጣላት፤ ሊኑክሱ ውስጥ የውሸት ኮምፒውተር ፈጥራ ዊንዶውስን እሱ ውስጥ ማስኬድ። ላፕቶፑ ሁለቱን ባንድ ጊዜ መሸከም እንደሚከብደው ታውቃለች። ቢሆንም ሞከረችው፤ ሳጥኗም ተገኘች። ኢልሃም ከደሴ ገባችና የቀኙን አስተካከለች። ኑርሁሴን ድንገት ወደ በሩ ዞሩ።

"ምንድን ነው እሱ?"

"ባጃጅ ነው አባ።"

"ባጃጅ እንዲህ ይጮኻል?" ትንሽ ቆዩና፣ "ድምፅሽ ወፍሯል፤ ትልቅ ሰው ሆነሻል" አሉ።

ፋጡሜ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ተራው የግራው ነበር። ኢልሃም ልኩን መሣሪያው ውስጥ መሙላት ስትጀምር የላፕቶፑ ማራገቢያ አፏጨ፣ ስክሪኑ ደረቀ፣ ቀስቱ ቆመ። መሊካ ጠበቀች። ኢልሃም በስልክ "ምነው ተቋረጠ? እንዳታጠፊው!" አለች፤ ላፕቶፑ ግን በራሱ ጨልሞ ነበር። እንደገና ሲነሳ የግራው መሣሪያ ድምፅ የለውም። ባትሪ ቢቀየር፣ ቢከፈት፣ ቢዘጋ፣ ድንጋይ ሆኗል።

"አብሽሪ" አሏት አባቷ፣ የግራ ጆሯቸውን እያሻሹ። "አንዱ ይበቃኛል። አላህ ለብዙ ሰው አንድም አልሰጠ።"

ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ወደ ጓሮ ወጥታ ኢልሃም ጋ ደወለች።

"ምን ላይ ነበር የጫንሽው?" አለች ኢልሃም። መሊካ ሁሉንም ነገረቻት።

"እህቴ፣ እኔ ስለ ኮምፒውተር ያንቺን ያህል አላውቅም። ግን ዊንዶውስ ነው ያለሽ ብዬ ስጠይቅሽ ለእኔ ተይው አልሽኝ። ከመጀመሪያው ብትነግሪኝ አብረን እናስብ ነበር። መሣሪያው ላይድን ይችላል፤ ሊድንም ይችላል። ፕሮግራሙን ደህና አድርጎ የሚሸከመው ነገር ላይ እንደገና ሞልተን ማየት ነው።"

መሊካ ያን ጊዜ የተሰማትን ለማንም አልተናገረችም። ዊንዶውስን ከሊኑክሱ ጎን ለጎን ማስቀመጥ እንደሚቻል ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር። የተወችው ስለማይሠራ አልነበረም። ተማሪዎቿ ፊት የተናገረችው ነገር እንዳይሰበርባት ነበር። ለራሷ ሐሳብ ስትል በአባቷ ጆሮ ሞክራ እንደሆነ ስታስበው ጉንጯ ጋለ።

ቅዳሜ ጄኔሬተር ስላለ ላፕቶፑን ይዛ ትምህርት ቤት ገባች። ዲስክ ለሁለት በሚከፈልበት ጊዜ መብራት ቢጠፋ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ ታውቃለች፤ የላፕቶፑ ባትሪ ደግሞ ካረፈ ቆይቷል። መጀመሪያ የራሷን ፋይሎች ሌላ ዲስክ ላይ ገለበጠች። ከዚያ የሊኑክሱን ክፍል አጥብባ፣ በተረፈው ቦታ ላይ፣ ላፕቶፑ ሲገዛ በነበረው ፈቃድ ዊንዶውስ ጫነች። ሲያልቅ ላፕቶፑ በቀጥታ ወደ ዊንዶውስ እየገባ ሊኑክሱን እንደሌለ ቆጠረው። ግን የጠፋው በሩ እንጂ ቤቱ አልነበረም፤ በፍላሽ አስነስታ የማስጀመሪያ ዝርዝሩን መለሰችው። ላፕቶፑ ሲከፈት ሁለት ስም፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች፣ "የቱን ልክፈት?" እያለ መጣ። ሁለቱ አይገናኙም። አንዱ ሲሠራ ሌላው ይተኛል፤ ላፕቶፑም አይጨነቅም።

የግራው መሣሪያ በሦስተኛው ሙከራ ነፍስ ዘራ። ኢልሃም "አልሀምዱሊላህ" ስትል ድምጿን የሰሙት ኑርሁሴን ናቸው፤ "ማናት እሷ?" አሉ።

"ለምን መጀመሪያ እንዲህ አላደረግሽውም?" አሏት አባቷ፣ ከደስታው በኋላ።

"አስተርጓሚ ይበቃዋል ብዬ ነበር አባ።"

ሳቁ። "አስተርጓሚ ይበቃዋል ያልሽው ሁሉ አይበቃውም። እኔ ስንቱን ቤቱ ድረስ ሄጄለታለሁ።"

ደስታው ሳምንት እንኳ በቅጡ አልቆየም። ኑርሁሴን በማይሰሙበት ዘመን ቤተሰቡ አንድ ልማድ አውጥቶ ነበር፤ ማንኛውንም ነገር ፊታቸው ያወራል። አንድ ከሰዓት በኋላ ሙስባሃቸውን እየቆጠሩ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው፣ መሊካና ፋጡሜ ፊት ለፊታቸው ምስር ይለቅማሉ።

"ለአዲስ አበባዎቹ መለስሽላቸው?" አለች ፋጡሜ።

"አልመጣም ብያቸዋለሁ።"

የአዲስ አበባዎቹ የምትላቸው ለትምህርት ቤቶች ክፍት ሶፍትዌር በአማርኛና በኦሮምኛ የሚያዘጋጁ ሰዎች ናቸው። መሊካን ከእኛ ጋር ሥሪ ብለው ጠርተዋታል። እንዲህ ያለ ሥራ በሕልሟ እንኳ አይታ አታውቅም ነበር።

"ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ እንዲህ ያለ ዕድል ደግሞ ላይመጣ..."

"ታዲያ አባን ለማን ልተወው? ገመዱን ማን ይሰካለታል? እኔ ከሄድኩ ሁለት ወር ሳይሞላ ያወልቀዋል፤ ተመልሶ በሩ ላይ ይቀመጣል። አልችልም እማ። እሱ እያለ ከዚህ ቤት አልወጣም።"

የሙስባሃው ድምፅ ቆሞ ነበር። ሁለቱም ያስተዋሉት ዘግይተው ነው። ኑርሁሴን ተነሱ፣ ጫማቸውን አጠለቁ፣ ወጡ።

ማታ ሲመለሱ ጆሯቸው ባዶ ነበር። በማግስቱም አላደረጉትም። መሊካ መሣሪያው ተበላሽቶ እንደሆነ ብላ ከፍታ አየችው፤ ይሠራል። ከፊታቸው ተቀመጠችና መሣሪያዎቹን በመዳፏ ላይ አድርጋ ዘረጋችላቸው። ቆይተው ወሰዱና አደረጓቸው።

"አልተበላሸም" አሉ። "እኔ ነኝ ያወለቅሁት።"

"አባ፣ ያን ቀን ያልኩት..."

"ሰማሁት። ነን ደገአ፤ እሰማለሁ እኮ፤ አንቺ ነሽ ያሰማሽኝ።" ሳቅ ሞከሩ፣ አልመጣላቸውም። "ሳልሰማ ስኖር ሸክም መሆኔን አላውቅም ነበር። በሩ ላይ ስቀመጥ ሰላም የምል፣ ቤቱን የምጠብቅ ይመስለኝ ነበር። ስንት ነገር ፊቴ ተብሎ አልፏል?"

"ሸክም ነህ አላልኩም።"

"አላልሽም። ግን ሥራውን ለእኔ ብለሽ ትተሽዋል፤ ከማለት ይበልጣል።" ከዚያ፣ ገበያ ላይ ዋጋ ሲቆርጡ እንደሚያደርጉት፣ መዳፋቸውን ዘረጉ። "አስተምሪኝ።"

"ምኑን?"

"ያንን ዕቃ። ሲከፈት ሁለት ስም ይመጣል አይደል? የቱን እንደምነካ አሳዪኝ። መሠረተ ትምህርት ላይ ፊደል ቆጥሬያለሁ፤ ሞኝ አይደለሁም።"

ፋጡሜ ከጓዳ፣ "ገመዱን እኔ እሰካለሁ፤ የእሱ ጣት ይንቀጠቀጣል" አለች። ለካ እሷም ስታዳምጥ ነበር።

ትምህርቱ ቀላል አልሆነም። መጀመሪያ ቀን ኑርሁሴን ሳያስቡት የላይኛውን ነኩና ሊኑክሱ ተከፈተ፤ "ቤት ተሳሳትን፣ እንውጣ" አሉ ለሚስታቸው። ፋጡሜ የቀኙን ገመድ ከግራው ጋር አገናኝታ ኢልሃምን አደናገረቻት። ሁለቱ አዛውንቶች አንድ ስክሪን ላይ ተደፍተው ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ ይጨቃጨቃሉ። መሊካ ልትረዳ እጇን ስትዘረጋ አባቷ ቀና ብለው ያይዋታል፤ እጇን ትሰበስባለች። ይህ ለእሷ ዲስክ ከመክፈል የከበደ ነበር። ቀስ እያለች ልብ ያለችው አንድ ነገር አለ፤ አባቷ እንዳይወድቁ ብላ የደገፈችበት እጅ፣ እንዳይራመዱም ይዟቸው ነበር።

እመጣለሁ ልትል አዲስ አበባ ስትደውል ቦታው በሌላ ሰው ተይዟል አሏት። እውነቱን ለመናገር ያን ቀን አለቀሰች። አባቷ የለቅሶዋን ድምፅ ከሌላኛው ክፍል ሰሙና መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ። ከወራት በኋላ ግን ሰዎቹ ራሳቸው ደወሉ፤ ሥራው ሰፍቶ ሌላ ሰው ፈልገዋል።

ከመሄዷ በፊት ሰንበቴ አብረው ወረዱ። ኑርሁሴን ገበያው መሀል ገብተው እንደቆሙ ፊታቸው ተለወጠ። የከብቱ ጩኸት፣ የሰዉ፣ የመኪናው፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣባቸው። አንዱ የድሮ ወዳጃቸው አፋር እጃቸውን ይዞ አወራቸው፤ ግማሹን ሰሙ፣ ግማሹን ገመቱ። ድለላ ውስጥ ለመግባት አልደፈሩም። ሻይ ቤት ገብተው መሣሪያዎቹን አወለቁና ጠረጴዛ ላይ አስቀመጧቸው።

"ለገበያ የሚሆን ሌላ ልክ ያስፈልገዋል" አሉ። "ለኢልሃም እነግራታለሁ።"

"እኔ ልንገራት..." ብላ ጀምራ መሊካ ቃሏን ዋጠች።

እሷ አዲስ አበባ የሄደችበት ጠዋት፣ ሚኒባሱ ደብረ ሲና ሲደርስ ስልኳ ጮኸ። አባቷ ነበሩ። ከኢልሃም ጋር ጨርሰዋል፤ የገበያው ልክ ተሞልቷል፤ ፋጡሜ ገመድ አላሳሳተችም፤ ትታላቸው የሄደችው ላፕቶፕ ግን "አሁን ልጥፋ ወይስ ራሴን ላድስ" ይላልና የቱን ይጫኑ?

ተሳፋሪው ሁሉ ተኝቶ ነበርና መሊካ በሹክሹክታ፣ "አድስ በለውና ተወው አባ፣ ሲጨርስ ራሱ ይጠፋል" አለች።

"እሺ" አሉ ኑርሁሴን፣ ድገሚ ሳይሉ።