ሹፌር አይቆጠርም

ሊዮ ሁዳክ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቦታ ቆሞ ሥጋ ሲቆርጥ የኖረ ሰው ነው። ፒትስበርግ ውስጥ፣ ቁልቁለቱ ላይ በተንጠለጠለች ጠባብ ሉካንዳ ውስጥ ከቋሊማና ከቢላዋ ጋር አርጅቶ ጡረታ ወጣ። ከከተማው ርቄ ሄድኩ ብሎ የሚያወራው ነገር ቢኖር የአማቱ መቃብር ነው፤ እሱም በመኪና አርባ ደቂቃ ነው። በዚህ አፍሮ አያውቅም። የሚኮራባት ሚስት ስላለችው የራሱ መቅረት አሳስቦት አያውቅም ነበር።

ሚስቱ ቬርና ሃያ ስምንት ዓመት የቱሪስት አውቶቡስ ነድታለች። ኒውዮርክ፣ ቦስተን፣ ፊላደልፊያ፣ ዋሽንግተን፤ ለሷ እንደ ጎረቤት ደጅ ናቸው። በደረሰችበት ከተማ ሁሉ አውቶቡሷን አቁማ ለባሏ ትደውላለች። የሉካንዳው ስልክ ሲጮኽ ሊዮ ቢላውን ያስቀምጣል፣ እጁን በሽርጡ ይጠርጋል፣ ያዳምጣል። ከዚያ ወደ ተሰለፈው ሰው ይዞራል። «የነጻነት ሐውልቷ ውስጥ ያለው ደረጃ ጠምዛዛ ነው አለች። ጠባብ ነው፤ ወፍራም ሰው መሐል ላይ ከቆመ ሁሉም ይቆማል። አናቷ ላይ ስትደርሱ በዘውዷ መስኮት ባሕሩ ይታያችኋል።» ሥጋ ሊገዛ የመጣ ሰው ኒውዮርክን ጨምሮ ይዞ ይሄዳል። አንዳንዱማ ለወሬው ብሎ ነበር የሚመጣው።

ከሁለት ዓመት በፊት የቬርና ጉልበት አልታዘዝ ስላለ እሷም ከሥራ ወጣች። ዘንድሮ ደግሞ ጋብቻቸው አርባ አምስት ዓመት ሊሞላው ሲል ልጃቸው ፖሌት «የአንድ ሳምንት ሽርሽር ስጦታዬ ነው፤ ከተሞቹን እናንተ ምረጡ» አለቻቸው። ሊዮ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም ማለት ይቻላል። በሕይወቱ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚፈልገው፦ ያቺን ሠላሳ ዓመት ገደማ በጆሮው ያያትን ሐውልት፣ ከነገረችው ሴት ጎን ቆሞ በዓይኑ ማየት። ዕቅዱንም እኔ ነኝ የማወጣው ብሎ ድርቅ አለ።

እሁድ ከምሳ በኋላ፣ ፒሮጊ የሚሉት ድንች የተሞላ ሊጥ የተበላበት ሳህን ሲነሳ፣ ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

«ማክሰኞ ቁርስ ዋሽንግተን፣ ምሳ ፊላደልፊያ፣ እራት ኒውዮርክ» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ።

ቬርና መነጽሯን አጠለቀች። «በምንድን ነው የምንሄደው? በሮኬት?»

«ለካሁት እኮ! አንድ ስንዝር ናት።»

«በምን ለካኸው?»

ሊዮ ከኪሱ የቋሊማ ማሰሪያ ሲባጎውን አወጣ። ቬርና እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «አንተ ሰውዬ! ሊንከንን ልናይ ነው ወይስ በሩጫ ሰላም ልንለው? በል ስጠኝ።»

ቀይ እርሳሷን ከጆሮዋ ጀርባ አወጣች፤ ከዚያ በኋላ የተናገረችውን ሊዮ አፉን ከፍቶ ነው የሰማው። ወደ ቤት ሲመለሱ ከሰዓት በኋላ ወደ ምዕራብ አይነዳም፤ ፀሐይ ፊት ለፊት ትገባለች። ቦስተን ወንዙ ዳር ያለው መንገድ ድልድዮቹ ዝቅ ያሉ ናቸው፤ በየዓመቱ ዕቃ የጫነ የጭነት መኪና ጣሪያው ይገሸለጣል። ኒውዮርክ በዋሻው የሚገባው ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት የገባ ሰው እዚያው ያረጃል።

«ሽንት ቤት ደግሞ ሁለተኛው ማደያ ላይ ነው። የመጀመሪያው ላይ ብትሞትም እንዳትገባ።»

«ይሄን ሁሉ የት ጽፈሽው ነው?»

«ምን ያስጽፈኛል? ሄጄበታለሁ።»

ሊዮ ካርታውን ወደሷ ገፋው። እንዲህ ያለ ሰው ባለበት ቤት ሲባጎ ይዞ መቀመጥ ድፍረት መስሎ ታየው። ዕቅዱን አስረከባት።

ሦስት ቀን ሠራችው። የታመመ ጉልበቷን ወንበር ላይ ሰቅላ፣ ባለቀለም እርሳሶች ደርድራ፣ እየደመሰሰች እንደገና ትጽፋለች። ያሳሰባት አንድ ነገር ብቻ ነበር። እነሱ ሰፈር መኪናውን አንቀሳቅሶ የሚሄድ ሰው የማቆሚያ ቦታው እንዳይያዝበት መንገዱ ዳር አሮጌ የወጥ ቤት ወንበር አስቀምጦ ይሄዳል፤ ወንበር ያለበትን ቦታ ማንም አይነካም። ግን የሁሉም ነገር ልክ አለው።

«አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ያከብሩልናል። ሰባት ቀን ሙሉ ወንበር የሚያከብር ጎረቤት የት አለ? ስንመለስ ዳገቱ ሥር አቁመን በዚህ ጉልበቴ ልወጣው ነው?» ትላለች በየመሐሉ።

ረቡዕ ጨረሰችው። ሁለት ቢጫ ወረቀት ነው። ሊዮ ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ ቆሞ አነበበው፤ ቁጭ ብሎ የሚነበብ አልመሰለውም። የሚነሱበት ደቂቃ፣ ነዳጅ የሚቀዳበት፣ ፀሐይ በየት በኩል እንደምትሆን፣ ዝናብ ቢመጣ የቱ ቀን ከየቱ እንደሚቀያየር፣ የት ሲቆሙ ጥላ እንዳለ፤ ሁሉም አለ። አርባ አምስት ዓመት አብሯት ኖሮ የሚያውቃት ይመስለው ነበር። አንድ ሰው ይህን ያህል ነገር በጭንቅላቱ ይዞ ዝም ብሎ ልብስ ያጥባል? እያለ ተገረመ።

ሐሙስ ፖሌት ኮምፒውተሯን ይዛ ትኬት ልትገዛ መጣች። ቬርና ምድር ቤት ልብስ እያጠበች ነበር። ፖሌት ወረቀቱን እያየች ትጽፋለች፣ ትጽፋለች፤ ከዚያ እጇ ቆመ።

«አባዬ፣ እዚህ ላይ የሰው ብዛት አንድ ይላል።»

«የቱ ላይ?»

«ወደ ሐውልቷ የሚወስደው ጀልባ ላይ። ሙዚየሙም አንድ፣ ቲያትሩም አንድ።» ገጹን ገለበጠች። «ሁሉም ቦታ አንድ ነው! ሆቴሉና ቁርሱ ብቻ ነው ሁለት የሚለው።»

ሊዮ ወረቀቱን ወሰደ። እውነት ነው። ሰባቱም ቀን ላይ፣ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ፣ የመግቢያው ሁሉ አንድ፣ አንድ፣ አንድ ነው። አብራኝ መሄድ አልፈለገችም ማለት ነው ብሎ አሰበ።

«ቬርና!» ብሎ ወደ ደረጃው ተጣራ። የልብስ ቅርጫቷን ታቅፋ፣ አንድ አንድ ደረጃ እያለች ወጣች። «ይሄ አንዱ ሰው ማነው?»

«አንተ ነሃ!»

«አንቺስ?»

«ሹፌር አይቆጠርም» አለች።

እንዲህ አለች፤ ጨው ጨው ነው እንደሚባለው አድርጋ። ከዚያ የተናገረችው ለራሷ ጆሮ ደረሰና እዚያው ቆመች። ፖሌት ሳቀች፤ እናቷ እንዳልሳቀች ስታይ ግን ተወችው።

ነገሩ የልማድ ነው። ቱሪስት የሚነዳ ሹፌር ከየቦታው ከመነሳቱ በፊት ሰው ይቆጥራል። ቬርና አውቶቡሱ መግቢያ ላይ ወደ ወንበሮቹ ዞራ፣ ሁለት ጣቷን ዘርግታ፣ ከፊት እስከ ኋላ አንድ በአንድ ትቆጥርና እንደገና ከኋላ ወደ ፊት ትቆጥራለች። ሃምሳ አራት ከሞላ «ማንም አልቀረም» ብላ ሞተር ታስነሳለች። በሃያ ስምንት ዓመት አንድ ሰው ጥላ ሄዳ አታውቅም። እሷ ግን ከሃምሳ አራቱ አንዷ ሆና አታውቅም።

«እማዬ፣ ሐውልቷ ጋ ስንት ጊዜ ሄደሻል?» አለች ፖሌት።

«እንጃ። ሦስት መቶ፣ አራት መቶ ጊዜ።»

«ገብተሽ አይተሻት ታውቂያለሽ?»

ቬርና ቅርጫቱን ወለሉ ላይ አስቀመጠችው። «ከማቆሚያው፣ በሁለቱ መጋዘኖች መሐል፣ ክንዷና ችቦዋ ይታያል። ጠዋት ጠዋት ጥሩ ሆኖ ይታያል።»

«ደረጃውስ?» አለ ሊዮ። «ጠምዛዛው ደረጃስ? የዘውዱ መስኮትስ?»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። እያየችው አልነበረም። «ከተሳፋሪዎቹ ነው የሰማሁት። ጎብኝተው ሲመለሱ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራሉ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እሰማለሁ። ከዚያ ላንተ እደውላለሁ። ያየሁት አስመስዬ።»

«አንድም ቀን አልወረድሽም?»

«አንድ ቀን ወርጃለሁ። ፊላደልፊያ። የተሰነጠቀውን የነጻነት ደወል አይቼ ልመለስ ብዬ። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ሳላየው ተመለስኩ። ስደርስ የሻንጣው ክፍል ተሰብሮ ተከፍቷል። የአንዲት አሮጊት ሻንጣ የለም። የሟች ባሏ ፎቶዎች ነበሩበት፤ ሌላ ቅጂ የላቸውም። ሴትዮዋ አንድ ክፉ ቃል አልተናገረችኝም። ቤቷ እስክትደርስ ግን በመስታወቱ ሳያት ነበር። ከዚያ ወዲህ ከበሩ ርቄ አላውቅም።»

የልብስ ማጠቢያው ምድር ቤት ያጉረመርማል።

«ያን ሁሉ ዓመት ለሰው ስታወራ የኖርከው የሌላ ሰው ወሬ ነው» አለች ቬርና። «አፍሬ ነው ያልነገርኩህ። አሁንም አንተ ግባ። እኔ መጠበቅ ነው የማውቀው፤ መኪናው ውስጥ ተመችቶኝ እቀመጣለሁ። አብሬህ ገብቼ ‹ቬርና፣ ይሄ ምንድን ነው?› ብትለኝ ምን እመልስልሃለሁ? የማውቀው እስከ በሩ ድረስ ነው።»

ሊዮን ትንሽ ከፋው፤ አልከፋውም ብንል ውሸት ነው። ስንቱን ደንበኛ «ሚስቴ አይታዋለች» ብሎ ምሎለታል። ግን ቅሬታው ብዙም አልቆየም። ሃምሳ አራት የደከመው ሰው በአንድ ጊዜ ሲንጫጫ፣ አንዲት ሴት በር ላይ ቆማ ከዚያ ሁሉ ጫጫታ ጥሩ ጥሩውን ለቅማ፣ ቢላ ይዞ ለሚጠብቃት ባል ስትደውል ታየው። ለራሷ ሳታይ ነው ይህን ያደረገችው። እንደዚያን ቀን ወዷት አያውቅም።

«ስሚኝ» አለ። «እኔ ከብቱን አርብቼ አላውቅም። ጥሩ ጥሩውን መርጬ ለሰው መስጠት ነበር ሥራዬ። አንቺም ያንኑ ነው የሠራሽው። ማን ከሰሰሽ?»

«ሊዮ፣ አታባብለኝ።»

«እያባበልኩሽ አይደለም። ሁለታችንም አላየናትም፤ እኩል ነን። መኪናውን እንተወውና በባቡር እንሂድ።»

ቬርና ቀና አለች። «እኔ? ሰው እየነዳኝ?»

«የሚጠበቅ ዕቃ አይኖርም። ሁለት ትንንሽ ሻንጣ በእጃችን።»

«ዕቅዴስ? ፀሐዩ፣ ድልድዩ፣ ማደያው? ሦስት ቀን ነው እኮ የደከምኩበት!» ድምፅዋ ተሰበረ። ለወረቀቱ ብቻ እንዳልነበረ ሊዮ ገብቶታል።

«ዕቅድሽን መስታወት አስገብቼ እሰቅለዋለሁ። የቦታዎቹ ቅደም ተከተል እንዳለ ይሆናል፤ መሪውን ብቻ ነው የምትለቂው።» ከዚያ የመጨረሻዋን ሐሳብ ጣል አደረገ። «ደግሞ መኪናው ከቆመበት ካልተነሳ ቦታችንን የሚወስድብን የለም። ወንበርም አያስፈልግም።»

ቬርና በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። መኪናቸው ቤታቸው ደጃፍ ላይ፣ ከጎረቤት መኪናዎች መሐል በልኩ ገብታ ቆማለች። ብዙ አየቻት።

«እሱስ እውነትህን ነው» አለች በመጨረሻ።

ፖሌት አባቷን ሰረቅ አድርጋ አየችውና ወደ ኮምፒውተሯ ተመለሰች። «እሺ፣ የሐውልቷ ጀልባ፤ ስንት ሰው ልበል?»

ሊዮ አፉን ሊከፍት ነበር፤ ተወው። ይህን የሚመልሰው እሱ አልነበረም።

ቬርና ጠረጴዛውን ተደግፋ ተነሳች። ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ወደ ወጥ ቤቱ ዞረች፤ ሁለት ጣቷን ዘረጋች። ሊዮ ላይ አነጣጠረች። «አንድ።»

ጣቶቿ አየር ላይ ቆዩ። ቀጥሎ ወደየት እንደሚሄዱ የጠፋቸው ይመስሉ ነበር። ከዚያ ቀስ ብላ አጠፈቻቸውና የገዛ ደረቷ ላይ አሳረፈቻቸው።

«ሁለት» አለች።

እንደ ልማዷ እንደገና ከኋላ ወደ ፊት ቆጠረች፤ መጀመሪያ እራሷን፣ ቀጥሎ ሊዮን። ሁለት ሆኑ።

«ማንም አልቀረም» አለችና እንባዋን በልብሱ ቅርጫት ላይ ባለው ፎጣ ጠረገች።