የዩኒቨርሲቲያችን አባት

የደሴታችን ዩኒቨርሲቲ ሃምሳኛ ዓመቱ ሲቃረብ አባት ተፈለገለት። ፕሬዚዳንታችን ባስደን ብዙም አልደከመም፤ የቀድሞውን የትምህርት ሚኒስትር ሰር ኤቨራርድ ላሽሊን መረጠ። ሐውልታቸውም ተሠርቶ በሸራ ተሸፈነ። የቀረው ውለታቸውን የሚናገር ሰው ነበር፤ ዕጣው ለባልደረባዬ ለዶክተር ኢዝሜ ኳሺ ደረሰ። ኢዝሜ የታሪክ ክፍል ኃላፊ ናት፤ ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎችም አንዷ።

«ባስደን፣ ሰውዬው እኮ በፖሊስ ያስደበደበን ነው!» አለችው።

«በእናትሽ ኢዝሜ! አዲሱን ቤተ መጻሕፍት የሚያሠራልን ቤተሰቡ ነው። ለዩኒቨርሲቲው ያደረገውን ብቻ ተናገሪ።»

«ያደረገውን ብቻ?»

«ያደረገውን ብቻ።»

«እሺ።»

እሺታዋ ቶሎ ስለመጣ ፈራሁ።

በበዓሉ ቀን ሰር ኤቨራርድ በዚያ ሙቀት ሙሉ ሱፍ ለብሰው ከፊት ተቀመጡ። ከዘይት በርሜል የሚሠራው የደሴታችን ከበሮ ተመትቶ ሲያበቃ ኢዝሜ ተነሣች።

«ክቡርነትዎ፣ እርስዎ ባይኖሩ እዚህ አንደርስም ነበር። ‹የሸንኮራ ቆራጭ ልጅ ዲግሪ ምን ያደርግለታል?› ብለው በሩን በሰንሰለት ሲቆልፉብን፣ ማንጎ ዛፍ ሥር ወጥተን ተማርን፤ መንገደኛው ሁሉ አወቀን። ፖሊስ ሲልኩብን የወደብ ሠራተኛው ሥራ አቁሞ ከጎናችን ቆመ። መምህሮቻችንን ሲያስሩ እስረኛው ሁሉ ተማሪያችን ሆነ። ዝም ብለውን ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ተረስተን ነበር። አባት ማለት እንዲህ ነው፤ ገርፎ ያሳድጋል!»

ሰሙን የሰማ አጨበጨበ፤ ወርቁን የሰማ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ባስደን በላብ ተጠመቀ። ሰር ኤቨራርድ ግን ጆሯቸው ከከዳቸው ቆይቷል፤ «አባት» የምትለዋ ብቻ ደርሳቸው እንባቸውን ጠረጉ።

«ባስደን፣ ይህ ንግግር ሐውልቴ ሥር ቃል በቃል ይቀረጽልኝ!»

«ሰር፣ ትንሽ ረዘም ብሏል…»

«ድንጋዩ የራሴ አይደለም እንዴ?»

ተቀረጸ። ኢዝሜ በወሩ ከኃላፊነቷ ተነሣች፤ «ስብሰባ ቀረልኝ» ብላ ማስተማሯን ቀጠለች። ተማሪዎች ጽሑፉን ጮክ ብለው እያነበቡ ሲሳሳቁ፣ የላሽሊ ቤተሰብ ነገሩ ገባውና እንዲፋቅ ጠየቀ። ያኔ የቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ ተመትቶ አልቋል።

«እንዴት ተደርጎ!» አለ ባስደን፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «የአባታችን ቃል እኮ ነው!»