የማክዋላ ቆርቆሮ

ማክዋላ ባዶ ቆርቆሮ እያርገፈገፈ ያሾፍብኛል ብዬ ሦስት ሳምንት ሙሉ አመንኩ። አሁን ሳስበው ፊቴን የት እንደማደርገው አላውቅም።

ቆርቆሮው የፍሊት ቆርቆሮ ነው። ፍሊቱ ሲያልቅ ማክዋላ ጎኑን ይበሳና ዶቃ ጨምሮበት ቀዳዳውን በፕላስተር ይለጥፈዋል። እሱን እያንሿሿ ነው የሚያሞግሰው፣ የሚጮኸው፣ ሰዉን ለጭፈራ የሚያስነሳው። ኪንሻሳ ውስጥ ያለዚያ ድምፅ ወገቡን የሚያንቀሳቅስ ሰው የለም። እኔ ቦኬሎ ደግሞ ሚክሰሩ ላይ የምቀመጠው ነኝ። የማን ድምፅ ከፍ፣ የማን ዝቅ እንደሚል የምወስነው እኔ ነኝ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። በእኛ ባንድ ከወንዙ ማዶ ብራዛቪል ድረስ ያልተሰማ ልምምድ ልምምድ አይባልም። ይህንን ደንብ ያወጣሁትም እኔው ነኝ።

እንግዲህ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የቆርቆሮው ድምፅ ጠፋ። ማክዋላ ያርገፈግፋል፣ ላቡ ይንጠባጠባል፣ ድምፅ ግን የለም። ማይኩን ቀየርኩ። ገመዱን ቀየርኩ። ድምፅ ማጉያውን ፈትቼ አቧራውን ጠረግሁ። ምንም! የቀጭኑን ድምፅ ማስተካከያ እስከ መጨረሻው አዞርኩት። ተወዛዋዦቹ ፊታቸውን አጨማደዱ፤ እኔ ግን የምሰማው ከበሮና ቤዝ ብቻ ሆነ። ግራ ገባኝ።

«ያያ ቦኬሎ፣ በናትህ ቀንስልን!» አለች ቤዝ ጊታር የምትጫወተው ሉዞላ። ሁሉም እንደ ታላቅ ወንድም «ያያ» ነው የሚሉኝ።

«ምኑን ልቀንስ? የሌለ ነገር ይቀነሳል?»

«ጥርሴን ነዘረኝ እኮ!»

«ጥርስሽን ለሐኪም አሳዪ።»

በማግስቱ ጆሮዋ ውስጥ ቢጫ ስፖንጅ ወትፋ መጣች። ለሙዚቀኞች ስለ ጆሮ ጥንቃቄ ያስተማረ አንድ ሐኪም ሰጥቷት ነው፤ ለሁላችንም የሚበቃ በከረጢት ይዛለች። ደሜ ፈላ።

«ምግብ ሠርቼ ሳቀርብልሽ አፍሽን ትለጉሚያለሽ? አውጪው!»

ባንዱ በሙሉ ሳቀ፤ እሷም አወጣችው። ከበሮ መቺው ኢሶንጎ እጁን ወደ ከረጢቱ ሰዶ ነበር፤ ሳየው መለሰው። ኢሶንጎ ባለፈው ዓመት ያገባ፣ ጨዋ ሰው ነው። የሚቀመጠውም ድምፅ ማጉያውን በግራ ጎኑ አድርጎ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነው።

የባንዳችን አለቃ፣ በከተማችን ደንብ «ፕሬዚዳንት» የምንለው፣ ከነበረበት ጉዞ ሲመለስ አንድ ዘፈን አዳምጦ ተነሣ። «ቦኬሎ፣ ይሄ ድምፅ ሰው ይገድላል። ካላስተካከልከው ሌላ ሰው አስቀምጣለሁ» ብሎኝ ወጣ። ያን ጊዜ ነገሩ ተገለጠልኝ፤ ወይም የተገለጠልኝ መሰለኝ። ባለፈው ሠርግ ላይ ማክዋላ የሙሽራውን አጎት ስም እየደጋገመ ሲያወድስ ማይኩን ዘግቼበት ነበር። ቂም ይዟል! ከእንጀራዬ ሊያፈናቅለኝ ባዶ ቆርቆሮ ያርገፈግፋል!

ቅዳሜ ልምምዱን በመሀል አስቆምኩ።

«ቆርቆሮውን አምጣ።»

«ለምን፣ ያያ?»

«አምጣ አልኩህ! ባዶነቱን እነዚህ ሁሉ ይዩልህ!»

ማክዋላ ሰዎቹን አየ፤ ሰዎቹም እሱን አዩ። ከዚያ ሰጠኝ። በገመድ መቁረጫዬ ሰነጠቅሁት። ዶቃው እግሬ ሥር ተዘረገፈ፤ ቀይ፣ ነጭ፣ ከእፍኝ የሚበልጥ ዶቃ። ሲሚንቶው ላይ ሲነጥር በዓይኔ አየሁት እንጂ አልሰማሁትም።

ማንም አልሳቀም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ለካ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለ እኔ ሲያወሩ ነበር። ማክዋላ ይሰድበኛል ብዬ ስጠብቅ ፊት ለፊቴ መጥቶ ቆመ።

«ያያ፣ የእኔ ቆርቆሮ ድምፅ አንድም ቀን ጠፍቶ አያውቅም። ሰፈሩ በሙሉ እየሰማው ሲያማርር ነበር።»

«ታዲያ ለምን አትነግሩኝም?»

«ነገርንህ እኮ!» አለች ሉዞላ። «ጥርስሽን አሳዪ አልከኝ።»

ፈራሁ። መፍራቴን አልደብቅም፤ ከዚህ ሌላ ሥራ አላውቅም። «ጆሮዬ ይመለሳል?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ቶሎ ካረፈ የሚመለስ አለ፤ የሞተው ግን አይነሣም አለን ሐኪሙ። ያልሞተውን ጠብቁ ነው ያለው።»

ያልሞተውን ስትል ዓይኔ ሚክሰሩ ላይ አረፈ። ማስተካከያው እስከ መጨረሻው እንደዞረ ነው። እኔ ያልሰማሁትን ያን ሁሉ ጩኸት ሦስት ሳምንት ማን ሰማልኝ? ቀና ስል ኢሶንጎ ጎንበስ ብሎ የከበሮውን ብሎን ያጠብቃል። ያ ሁሉ ዶቃ ሲዘረገፍ፣ ያ ሁሉ ሰው ሲነጋገር ዞር ብሎ አላየም።

ሄጄ በግራው በኩል ቆምኩ።

«ኢሶንጎ» አልኩ። ዝም።

«ኢሶንጎ!» ከኋላዬ ሉዞላ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እሱ ብሎኑን ያዞራል።

ትከሻውን ነካሁት። ደንገጥ ብሎ ዞረና ሲያየኝ ፈገግ አለ።

«አቤት፣ ያያ! ሰው ሳትጠራ ትነካለህ እንዴ?» አለኝ።