የጃኬቱ ገበር

መርፌው ጠንካራ ነገር ገጥሞት ተመለሰ። ሰፊዋ የባሏን ጃኬት ገልብጣ ገበሩን ዳበሰች፤ በተቀደደው ኪስ ሾልኮ የገባ ነገር አለ። መቀሷን አንስታ ተረተረችው። በምራቅ ርሰው የደረቁ፣ እርስ በርስ የተጣበቁ እንክብሎች ጭኗ ላይ ወደቁ። አልጠፏትም፤ እሷም ማታ ማታ የምትውጠው የኤችአይቪ መድኃኒት ነው።

ቫይረሱ በሁለቱም ደም ከተገኘ ጀምሮ ልማድ አላቸው። የማታው ዜና ሲጀምር እሷ በእሱ መዳፍ፣ እሱ በእሷ መዳፍ ላይ እንክብል ያኖራሉ፤ ከአንድ ብርጭቆ ይጠጣሉ። ሰሞኑን ግን እሱ ውሃውን እንደተጎነጨ፣ "መኪናውን ቆልፌዋለሁ?" እያለ ይወጣ ነበር። ዓይኑ ቢጫ ሲሆንባት የጠረጠረችው መጠጥ ነው። እንቅልፍ ሲወስደው ጠብቃ አፉን ታሸታለች። ጉንጩን ግን አልጠረጠረችም።

ሾፌሩ ባሏ ለምሳ ሲገባ እንክብሎቹ በሰሃን ቀርበው ጠበቁት።

"ምሳህ ነው፤ ብላ!"

የመኪናውን ቁልፍ እያገላበጠ ቆመ።

"ምን ነካህ፣ አንተ ሰውዬ? መሞት አማረህ?"

"ጉበቴን የሚበላው ይሄ መድኃኒት ነው። ዓይኔን አታዪውም?"

"ማን ነገረህ?"

"ማንም። ራሴ ደረስኩበት።"

"ኧረ! ከሾፌርነት ወደ ሐኪምነት መቼ አደግህ?"

"አንቺስ? በተኛሁበት አፌን የምታሸቺው ትራፊክ ፖሊስ ሆነሽ ነው?"

ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ከንፈሯን ነከሰች። "ተነስ፤ ሐኪም ቤት!"

ደሙ ተመርምሮ ውጤቱ በመጣ ቀን ሐኪሟ ወረቀቱን ደጋግማ አየች።

"ጋሼ፣ ይጠጣሉ?"

"አልጠጣም።"

ሚስቱ ሰረቅ አድርጋ አየችው።

"ደም ተሰጥቶዎት ያውቃል?"

"ድሮ፣ መኪና የተገለበጠብኝ ጊዜ።"

"ጉበትዎን የጎዳው ሌላ ቫይረስ ነው፤ ሄፓታይተስ ሲ ይባላል። ከኤችአይቪ ጋር ሲገጥም ጉበትን ቶሎ ያጠፋል። የእርስዎም ጠባሳ ይዟል፤ ግን አልረፈደም። አዲስ የተገኘውን በሽታ በእንክብል እናድነዋለን። የኤችአይቪውን መድኃኒት ካቋረጡ ግን ሁለቱንም ቫይረሶች ያበረቷቸዋል።"

"እና መድኃኒቱ አይደለም?"

"አይደለም።"

ሲወጡ ደረጃው ላይ፣ "ሐኪም በመድኃኒት ላይ ይመሰክራል እንዴ?" ሲል አጉረመረመ። ሰፊዋ ሰማችው።

ማታ ዜናው ጀመረ። እንክብሉን መዳፉ ላይ አኖረችለት። ውሃውን ተጎነጨና እንደለመደው፣ "መኪናውን..." ብሎ ተነሳ።

ዓይኗን ከጉንጩ አላነሳችም።

ተመልሶ ተቀመጠ። ማንም ሳይጠይቀው አፉን ከፈተ፤ ምላሱንም አነሳ። ይሉኝታ አልያዛትም፤ የስልኳን መብራት አብርታ ግራና ቀኝ ጉንጩን አየች። ምንም የለም።

"በቃ?" አለ፣ አፉን እንደከፈተ።

የራሷን እንክብል ዋጠች፤ ስልኩን እጁ ላይ አስቀምጣ እሷም አፏን ከፈተችለት።