በክንድ ልክ

ሹር ሁለቱን የጀልባ ንድፎች በማእድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋ። እንዳይጠቀለሉበትም ጫፎቻቸውን በጨው ዕቃው፣ በመነጽሩ ማኅደርና በቡናማው አይብ ቁራጭ ተጫነ። አስላውግ ንድፎቹን አልተመለከተችም። የተመለከተችው የባሏን ዓይን ነበር። ሹር ሲዋሽ አፉ አያሳብቅበትም፤ ዓይኑ ግን ሳያስበው በመስኮቱ አልፎ ወደ ፊዮርዱ፣ በተራሮች መካከል ወደ ገባው ባሕር ይሄዳል።

«ይኼ ጠባቡ ነው። ነፋስ ካገኘ ይበራል» አለ፤ ጣቱን በመስመሮቹ ላይ እያሳለፈ። «ይኼኛው ደግሞ ሰፊው።»

«ጎተራ ውስጥ የሚቀመጥ ጀልባ ወዴት ነው የሚበረው?» አለችው።

ጎረቤታቸው ሞንስ ዋፍል የሚሉትን ጣፋጭ ቂጣ እያኘከ ሳቀ። «እንግዲህ መልስላት። እኔ ለመብላት ነው የመጣሁት።»

ባለፈው መጸው የሹር ጀልባ ከአለታማው ጫፍ ባሻገር ተገልብጣ፣ እርሱ በሆዷ ላይ ተጣብቆ በብርድ ሊሞት ጥቂት ሲቀረው ነበር ያገኙት። አስላውግ በሆስፒታሉ አልጋ አጠገብ ቆማ፣ ሞንስን ምስክር አድርጋ ቃል አስገባችው። የቃሉን አነጋገር ያሰናዳችው እርሷ ነበረች፤ ሹር የደገመው ብቻ ነው፦ ከእንግዲህ የጀልባ መሪ በእጄ አልይዝም። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የአባቷ ስም የተቀረጸበት ድንጋይ ቆሟል። ከድንጋዩ ሥር ግን ማንም የለም፤ ባሕሩ አልመለሰውም። አስላውግ ያን ቃል የተቀበለችው በሁለተኛ ባዶ መቃብር ላይ አበባ ላለመትከል ነው።

ክረምቱ ሲገባ ሹር እጁ ሥራ እንደፈታበት፣ ጎተራውም ባዶውን እንደቆመ ያነሣሣ ጀመር። መሥራት ብቻ ነው፤ በበጋው በዓል ሰው አይቶ ያደንቀዋል፤ ሌላ ነገር የለውም። እርሷም ፈቀደች፤ ነገር ግን በልቧ ፈተና አኖረችለት። ጠባቡን ከመረጠ ዋሽቷታል፤ ለባሕር ነው። ሰፊውን ከመረጠ ግን እውነቱን ነው።

«ሰፊው ይሻላል» አለ ሹር፣ ንድፉን በመዳፉ እየደለደለ።

ይህ ሊያሳርፋት በተገባ ነበር። ነገር ግን ሹር እንዲህ ያሉትን ሰፋፊ ጀልባዎች ዕድሜውን ሙሉ ሸራ የተሰቀለበት የልብስ ማጠቢያ ገንዳ ሲል የኖረ ሰው ነው። የዕድሜ ልክ ጠቡን በአንድ ጠዋት የተወ ሰው፣ አንድም ታሟል፣ አንድም አድብቷል። ሹር አልታመመም፤ አራተኛውን ዋፍል እየቀባ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ያጠራጥራት ጀመር። ወደ ጎተራው ስትገባ የሁለቱ ወንዶች ወሬ ይቋረጣል፤ ሞንስም በድንገት ስለ በጎች ማውራት ይጀምራል። በጎቹን ከሸጠ ቆይቷል። በሥራ ገበታው ጥግ ሁልጊዜ በጨርቅ የተሸፈነ ነገር አለ። አንድ ቀን ደግሞ ሹር፣ አብረው በኖሩበት ዘመን ሁሉ ሹራቧን አይቶላት የማያውቀው ሹር፣ በር ላይ አስቁሟት «እስቲ ክንድሽን ዘርጊ፤ ክርኑ ላይ የሳሳ መሰለኝ» አላት። ዘረጋችለት። ክርኑን በእጁ ይዞ፣ በሌላ እጁ ጣቶቿን አቃንቶ፣ አተኩሮ ተመለከተ። «አልሳሳም» ብሎ ሄደ። አስላውግ ሹራቡን አውልቃ በብርሃን መረመረችው። ገና ባለፈው ዓመት የሠራችው ነበር።

የጀልባው ጎድኖች ቆመው የመጀመሪያዎቹ ሳንቃዎች በተመቱበት ሰሞን፣ ሁለቱ ወንዶች እንጨት ሊያመጡ እንደወጡ ጨርቁን ገለጠችው። ከሥሩ የተገኘው አንዲት የጥድ በትር ነበረች፤ ንጹሕ፣ በሁለቱም ጫፍ በጥንቃቄ የተቆረጠች።

ምን እንደሆነች ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋትም። በዚያ ሰፈር ጀልባ የሚሠራ ሰው ቅርጹን ከንድፍ ይወስዳል፤ ከመቀመጫው እስከ መሪው ዘንግ ያለውን ርቀት ግን የሚለካው መሪውን በሚይዘው ሰው ክንድ ነው፤ ከክርኑ እስከ መካከለኛ ጣቱ ጫፍ። የአባቷ በትር እስከ ዛሬ በአሮጌው የጀልባ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅላ አለች። ለበዓል ማሳያ ለሚሠራ ጀልባ ደግሞ ማንም የማንንም ክንድ አይለካም።

ሲመለሱ በትሯን ይዛ ጠበቀቻቸው።

«ይኼ የማን ክንድ ነው?»

«እንጨት ነው እንጂ ምን ክንድ አለው» አለ ሹር። ዓይኑ ወደ መስኮቱ ሄደ።

«ክንድህን አምጣ።»

የተሸከመውን እንጨት አስቀምጦ ክንዱን ሰጣት። በትሯ ከክርኑ ተነሥታ ጣቶቹ ሥር ስትደርስ አለቀች። ለአፍታ ያህል ልቧ ቀለል አላት፤ ወዲያው ግን ሌላ ጥርጣሬ ተተካ። እርሱ ካልሆነ ሌላ ሰው መሪውን ይዞለት ሊወጣ ነው። ዞር ብላ አጭሩን ሞንስን አየችው።

«አንተ ነህ ለካ። ቃል ሲገባ ምስክር ሆነህ የቆምክ ሰውዬ።»

«እኔ? እኔ እኮ ባሕር ላይ ከወጣሁ ቁርሴን ለዓሣ ነው የማበላው። ባልሽን ጠይቂ።»

«ክንድህን አልኩ።»

ሞንስ እጅጌውን ሰበሰበ። ክንዱ ከሹርም የረዘመ ነበር። «አትገረሚ» አላት፤ «እናቴ ስትሠራኝ እግሩ አልቆባት ክንዱ ላይ ነው የጨመረችው።»

አስላውግ በትሯን እንደያዘች በሩን ተመለከተች፤ ያኔ አስቁሟት የነበረበትን ቦታ። ከዚያ ቀስ ብላ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ድረስ ሰብስባ፣ በትሯን በራሷ ክንድ ላይ አጋደመች። ሁለት ጣት ያህል ብቻ ተረፈች።

ሞንስ አንገቱን አስግጎ አየ። «ሹራብ ላይ ነው እንዴ የለካሃት፣ አንተ ሰውዬ? ወፍራም ነው ብዬህ አልነበር?»

«ዝም በል፣ ሞንስ» አለ ሹር።

አስላውግ በልጅነቷ የአባቷን ጀልባ ስትመራ ሰው ከባሕሩ ዳር ቆሞ እያደነቀ ያያት ነበር። አባቷ ባሕር ላይ ከቀረበት ቀን ወዲህ ግን መሪ ነክታ አታውቅም። ሹር ይህን ያውቃል። ሰፊውንም የመረጠው ለዚህ እንደሆነ አሁን ገባት፤ ለረጅም ዘመን መሪ ያልያዘ እጅ የሚስተውን፣ ሰፊ ጀልባ ይታገሣል።

«እኔ መሪ አልያዝኩም» አለ ሹር፣ ቀስ ብሎ። «አልይዝምም። ቃሌ ቃል ነው።»

«በእኔ እጅ ልትይዘው ነዋ።»

ሹር ይህን አልካደም። ዓይኑም በዚህ ጊዜ ወደ መስኮቱ አልሄደም። «ከዚህ ቆሜ ባሕሩን ማየት ብቻ አልቻልኩም። ደብቄሽ ብወጣ ደግሞ ሰው አይደለሁም። እሺ ካላልሽ መጋዙ ያው፣ ምድጃው ያው። ዛሬውኑ እንሰነጥቀዋለን።»

«ቀድመህ ለምን አልነገርከኝም?»

«እንቢ ትያለሽ ብዬ ነዋ። ጀልባው ቆሞ ካየሽው ምናልባት…»

አስላውግ የተመቱትን ሳንቃዎች ዞራ አየቻቸው። አንዱን በመዳፏ ዳሰሰችው። ተታልላለች፤ ይህን ታውቃለች፤ አታላዩም ማታለሉን በጥሩ እንጨት ሠርቶታል። እንቢ ብትል ጀልባው ማገዶ ይሆናል፤ ሰውየው ግን በዚያ መስኮት ላይ ይቀራል፤ አንድ ቀን ደግሞ የሌላ ሰው ጀልባ ላይ ይገኛል፤ ያን ጊዜ እርሷ የምታውቀው ነገር አይኖርም። አባቷም ያን ቀን የሄደው ሳይነግራቸው ነበር።

«መጋዙን አምጣ» አለች።

ሹር ፊቱ ጠቆረ፤ ነገር ግን አመጣላት። አስላውግ በትሯን በሥራ ገበታው ላይ አጋድማ፣ ባዶ ክንዷን ከጎኗ አስተካክላ፣ በጥፍሯ ምልክት አደረገች። ከዚያም የተረፈውን ሁለት ጣት ቆርጣ ጣለችው።

«በበጋ ሹራብ አልለብስም» አለች።

«እዚህ አገር በጋውም ያስለብሳል» አለ ሞንስ።

«አየሩን የማየው እኔ ነኝ» አለችው ባሏን። «ተመለስ ስልህ ለምን አትለኝም። ሸራ አውርድ ስልህ ታወርዳለህ። የማንሳፈፊያ ሰደርያህን ማሰሪያ የማጠብቅልህ እኔ ነኝ፤ አንተ አይደለህም።»

«እሺ።»

«ደግሞ መቀመጫህ ከፊቴ ይሁን። ከጎኔ አይደለም፤ ከፊቴ።»

«ከፊትሽ ለምን?»

አስላውግ በትሯን ከሹራቧ እጅጌ ውስጥ አስገባቻት፤ ጀልባው እስኪያልቅ ድረስ ከእርሷ ጋር እንድትውል።

«እጆችህ የት እንዳሉ ማየት እፈልጋለሁ።»