ዘጠኝ ዓመት የቆየው ጎማ

የሁለቱ ወንድማማቾች አባት ካረፉ ሦስተኛ ወሩ ነበር። አሮጌዋን መኪናቸውን የተናዘዙት ለታናሹ ነው። ታላቁ ሃያ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲያጥባትና ሲወለውላት ኖሮ፣ ኑዛዜው ሲነበብ ስሙን ቢጠብቅ ቢጠብቅ አልመጣም። ከዚያ ወዲህ ታናሹ ቁልፉን ከኪሱ ባወጣ ቁጥር ታላቁ፣ "ጨርቅ ጨብጦ ለማያውቅ!" እያለ ብቻውን ያጉተመትማል።

ዛሬ ደግሞ ታናሹ "ጎማ እንምረጥ" ብሎ ታላቁን ጎማ ቤት ይዞት መጣ።

ጎማ ሻጩ መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አያትና፣ "ይቺ እኮ በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ አንቱ ልበላት እንዴ?" አለ።

ታናሹ ሳቀ። ታላቁ ፊቱን አዞረ።

ሻጩ ጎናቸው ላይ ነጭ ቀለበት ያለባቸው አራት ጎማዎች ከመደርደሪያ አወረደ። "አዲስ ናቸው፤ መጠቅለያ ላስቲካቸው እንኳ አልተፈታም።"

ታናሹ ፊቱ በራ። ታላቁ ግን አንዱን በእግሩ ገልበጥ አድርጎ ጎኑ ላይ የታተሙትን አራት ቁጥሮች አነበበ። የፊተኞቹ ሁለት የተመረተበትን ሳምንት፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይናገራሉ። ያስተማሩት አባቱ ናቸው። ጎማው ዘጠኝ ዓመት መደርደሪያ ላይ ሸብቷል፤ አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ መፈንዳቱ አይቀርም። ነገሩ ምላሱ ጫፍ ደረሰ። ዋጠው። ይግዛ! መኪና መያዝ ምን እንደሆነ ይየው!

"ጋሼ፣ እንዴት ነው?"

"መኪናዋ ያንተ። እኔን ምን አገባኝ?"

ሻጩ ክሪኩን ከሥሯ አስገብቶ ማንሳት ጀመረ።

"ቁጥሩንስ አየኸው?" አለ ታናሹ።

"የምን ቁጥር?"

"እኔ እንጃ። አባባ ሊያርፉ ሰሞን 'ጎማ ስትገዛ ቁጥሩን ለወንድምህ አሳየው' አሉኝ። 'መኪናዋን ለሱ ብሰጠው አንተ ደጁን አትረግጥም፤ ላንተ ብሰጥህ ግን እሱ ከመኪናዋ አይቀርም' አሉ።"

ታላቁን ከመኪናዋ ይልቅ ይህ አንገበገበው።

"ይህንንም ላንተ ነገሩህ?"

"አልጋቸው አጠገብ ወንበር ላይ እንቅልፍ ጥሎህ ነበር፣ ጋሼ። 'ደክሞታል፣ አትቀስቅሰው' አሉኝ።"

ታላቁ ወደ ሻጩ ዞሮ፣ "ክሪኩን አውርደው። ጎማህ ዘጠኝ ዓመቱ ነው" አለ።

እጁን ለወንድሙ ዘረጋ። "ቁልፉን አምጣ። ሌላ ጎማ ቤት እንሄዳለን፤ የምነዳው እኔ ነኝ።"

"ስንመለስስ ማን ይነዳል?"

"እሱን መንገድ ላይ እናየዋለን።"